ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፦ በገዳሪፍና በመተማ ድንበር ለሚሠሩ ነርሶች የወረርሽኝ ዝግጅት መመሪያ

በገዳሪፍ ግዛት ወይም ከድንበሩ ወዲህ በመተማ የምትሠሩ ነርሶች አንድ ነገር ከወዲሁ መቀበል ይኖርባችኋል፦ ወረርሽኝ ሲነሳ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የምትወጡት ብቻችሁን ነው። የሱዳን ጤና ሚኒስቴር በገዳሪፍ ኮሌራ መግባቱን በይፋ ያወጀው ሴፕቴምበር 26 ቀን 2023 ነበር። (ቀንና ዓመት የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ስለ ወቅት ሳወራ ግን በእኛው ወራት።) ተጠርጣሪ ሕሙማን ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ወደ ጤና ተቋማት ሲመጡ ሰንብተዋል። በአፍ የሚሰጠው የኮሌራ ክትባት ለገዳሪፍና ለጀዚራ የደረሰው ደግሞ ኖቬምበር ላይ ነው። በመጀመሪያው ሕመምተኛና በክትባቱ መካከል ያለውን ጊዜ የተሸከሙት በየጤና ጣቢያው ሌሊት ተረኛ የሆኑ ነርሶች ናቸው። ስለዚህ የአንድ ጤና ተቋም ዝግጅት የሚለካው ተረኛዋ ማንንም ሳትጠብቅ፣ እጇ በለመደው መንገድ በምትሠራው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። መጋዘን፣ ተሽከርካሪና ላቦራቶሪ አስፈላጊ ናቸው፤ ነገር ግን የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ በክረምት ደግሞ ከነጭራሹ ላይደርሱ ይችላሉ።

አካባቢው ለምን ለወረርሽኝ እንደሚመች ማወቅ የዝግጅቱ አንድ ክፍል ነው። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው፤ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ብዙ የጉልበት ሠራተኞች ከኢትዮጵያ ይሻገራሉ፣ በየእርሻው ዳስ ሥር ያድራሉ፣ ብዙዎቹም ሐፊር ከሚባለው የዝናብ ውሃ ኩሬ ይጠጣሉ። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ከሰኔ ጀምሮ መኪና ይይዛል፣ ካምፖችንም ከከተማው ይቆርጣል። ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው በሐምዳይት በኩል ተሻገሩ፤ ወደ ኡም ራኩባ፣ ቀጥሎም ወደ ቱናይድባ ካምፕ ተወሰዱ። ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወድ መደኒ ስትያዝ፣ በ2024 አጋማሽ ደግሞ ሲንጃ ስትያዝ፣ ተፈናቃዩ ወደ ገዳሪፍ ጎረፈ። በተቃራኒው አቅጣጫ በገላባት በኩል ወደ መተማ የተሻገሩት ስደተኞች ኩመርና አውላላ ሰፈሩ። በሽታውም ሰውን ተከትሎ ሄደ፦ በ2021 በገዳሪፍ ካምፖች ሄፓታይተስ ኢ፣ በ2023 በገዳሪፍ ኮሌራና ዴንጊ በአንድ ወቅት፣ በዚያው ዓመት በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበልና በኩመር ኮሌራ ታየ። በኦገስት 2024 ሱዳን እንደገና የኮሌራ ወረርሽኝ አወጀች፤ ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች መካከልም ከሰላና ገዳሪፍ ነበሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ በመላ አገሪቱ ወደ 100,000 የሚጠጉ ተጠርጣሪ ሕሙማንና ከ2,400 በላይ ሞት ተመዝግቦ ነበር። ወደኋላ መለስ ብትሉ በ1985 በዚሁ በምሥራቅ ሱዳን በወድ ከውሊ ካምፕ ከድርቅ የሸሹ የእኛ ልጆች በኩፍኝ አልቀዋል፤ በዚያን ወቅት ከተመዘገቡት የኩፍኝ ሕሙማን ወደ 30 በመቶ የሚጠጉት ሞተዋል።

ዕቃው ካለ ሰው ይድናል ለሚል ሰው የጎማን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። በጁላይ 1994 ከሩዋንዳ የሸሹ ሰዎች በዛየር ጎማ አካባቢ ሲሰፍሩ ኮሌራ ገባ፤ በመጀመሪያው ወር በኮሌራና በሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ወደ 50,000 ሰው ሞተ። በርካታ ድርጅቶች፣ ድንኳኖችና መድኃኒቶች እዚያ ነበሩ። ከባንግላዴሽ የመጡ ባለሙያዎች የሕክምና ማዕከሎቹ ለምን ሰው ማዳን እንዳቃታቸው መርምረው በ1995 ላንሴት መጽሔት ላይ ሲያወጡ ያገኟቸው ምክንያቶች እነዚህ ነበሩ፦ ፈሳሹ የሚሰጠው በጣም ቀስ ብሎ ነበር፣ በአፍ የሚሰጠው ፈሳሽ በሚገባው መጠን አልተሠራበትም፣ በደም ሥር የተሰጠው ፈሳሽ ትክክለኛው ዓይነት አልነበረም፣ ሠራተኞቹም ልምድ አልነበራቸውም። አራቱም ነርስ እጅ ላይ ያሉ ነገሮች ናቸው። የተቃራኒው ማስረጃ በ1971 በቦንጋዮን ታየ። ከምሥራቅ ፓኪስታን የሸሹ ሰዎች ሕንድ ውስጥ ሲሰፍሩ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ፤ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስና ባልደረቦቹ ጨውና ስኳሩን በበርሜል አሟሙተው በሽተኞቹን ቤተሰቦቻቸው እንዲያጠጧቸው አደረጉ። 30 በመቶ የነበረው ሞት ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ዕቃ ሞልቶ ሰው ካለቀበትና ዕቃ አልቆ ሰው ከተረፈበት ቦታ አንድ ትምህርት ይወሰዳል፤ ልዩነቱን ያመጣው ሠራተኛው የሚያውቀውና የሚያደርገው ነገር ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የመጀመሪያው እርምጃ ጊዜን መምረጥ ነው፤ እሱም ሚያዝያና ግንቦት ነው። ከዚያ በፊት የሰሊጡ ሥራ አልቆ ሠራተኛው ተበትኗል፤ ከዚያ በኋላ መንገዱ ይዘጋል፣ ወባው ይመጣል፣ ክፍሉ ይሞላል። በእነዚህ ሁለት ወራት የክፍላችሁን ሠራተኞች ለሁለት ሰዓት ሰብስቡና አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ ዛሬ ሌሊት 20 የኮሌራ ሕሙማን ቢመጡ በጠዋት ምን ይጎድለናል? መልሱን በቁጥር ጻፉ። በኮሌራ ማዕከል ለአንድ ሕመምተኛ በቀን 60 ሊትር፣ ለአንድ አስታማሚ 15 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል፤ ለ20 ሕሙማንና ለ20 አስታማሚዎች በቀን 1,500 ሊትር ማለት ነው። በጀሪካን ሲቆጠር ሰባ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ማን ይቀዳዋል? ከየት? ጄኔሬተሩ ቢቆምስ? አንድ በጽኑ የደረቀ አዋቂ እስኪያገግም በአማካይ ከ8 እስከ 10 ሊትር ሪንገር ላክቴት ይፈጃል፤ ከሚመጡት መካከል ከአምስት አንዱ ያህል ጽኑ እንደሚሆን ገምታችሁ አባዙ። ይህን ስሌት አንድ ገጽ ላይ ጽፋችሁ ለአለቃችሁና ለእርዳታ ድርጅቱ በግንቦት ብታስገቡ የምትጠይቁት ነገር ዋጋና መጠን ይኖረዋል፤ በነሐሴ የሚላክ የድረሱልን ጥሪ ግን ጭቃ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው እርምጃ ጥርጣሬን ማሠልጠን ነው፤ ከሁሉ የሚከብደውም ይኸው ይመስለኛል። በዚህ ቆላ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ማለት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ስለሆነ አሳሳች ነው። በ2005 በሊቦ ከምከም የሆነውን አስቡ። በጣና ምሥራቅ ባለው በዚያ ወረዳ ሰዎች በትኩሳት እየከሱና ሆዳቸው እየተነፋ ሲሞቱ በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ነበር። ካላአዛር መሆኑ የተረጋገጠው ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ከመላምቶቹ አንዱ ወደ መተማና ሁመራ እርሻ ሄደው የተመለሱ ሠራተኞች በሽታውን ይዘው መጥተዋል የሚለው ነበር። ገዳሪፍ፣ መተማና ሁመራ ካላአዛር የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና የሰውነት መክሳት ያለበት ሰው የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ ወይም የወባ መድኃኒት ካልረዳው፣ የካላአዛር ፈጣን ምርመራ ወዳለበት ሆስፒታል ላኩት። ኤች አይ ቪም አብሮ እንዲመረመር አድርጉ፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ በሽታው ይጠናል፣ ሕክምናውም ይለወጣል።

ሌሎቹ የጥርጣሬ ደወሎችም አጫጭር ናቸውና ግድግዳ ላይ ጻፏቸው። ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው በውሃ መሰል ተቅማጥ ክፉኛ ከደረቀ ወይም ከሞተ፣ ወረርሽኝ ባልታወጀበት ቦታ እንኳ ኮሌራ ተብሎ ይጠረጠራል፤ አንድ ሰው ይበቃል፣ ሁለተኛውን አትጠብቁ። ትኩሳትና ሽፍታ ያለበት፣ ከዚያም ጋር የሚያስል ወይም ዐይኑ የቀላ ሕፃን ኩፍኝ ተብሎ ይጠረጠራል፤ ከሌሎች ሕፃናት ይለያል፣ ቫይታሚን ኤ በዕድሜው ልክ ዛሬና ነገ ይሰጠዋል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ሰፈር ዐይናቸው ቢጫ የሆነ ሁለትና ሦስት ሰዎች ከመጡ ሄፓታይተስ ኢ አስቡ፤ ከመካከላቸው ነፍሰ ጡር ካለች ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላኳት፤ ሦስተኛ ሲሶ እርግዝና ላይ በዚህ በሽታ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚደርሱት ይሞታሉ። ከባድ የመገጣጠሚያና ከዐይን ጀርባ የሚሰማ ሕመም ያለው፣ ወባ ያልተገኘበት ትኩሳት ዴንጊ ሊሆን ይችላል፤ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጡት፣ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ትኩሳት ኖሮት አንገቱ የገተረ ሰው ማጅራት ገትር ተብሎ ይጠረጠራል። ትኩሳት ኖሮት ከድድ፣ ከአፍንጫ ወይም ከመርፌ ቀዳዳ የሚደማ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሥራውን አቁማችሁ ወደ አምስተኛው እርምጃ ሂዱ።

«በመስከረምና በጥቅምት በቀን መቶ ትኩሳት ያለበት ሰው እያየን ሁሉንም እንጠርጥር ማለት ሥራውን ማቆም ነው» የሚል ነርስ እውነት አለው። መልሱ ሁሉን መጠርጠር እንዳልሆነ ልብ በሉ። ጥርጣሬ የሚፈለገው ልማዱ ሲሰበር ነው፦ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለው፣ ከአንድ እርሻ ወይም ከአንድ ሐፊር የመጡ ሁለት ሰዎች፣ በወቅቱ የማይጠበቅ በሽታ፣ ጤነኛ የነበረ ጎልማሳ በአንድ ቀን መሞቱ። ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፦ ባለፉት አምስት ቀናት የት አደርክ? ከየት ውሃ ጠጣህ? አምስት ቀን ያልኩት የኮሌራ ተሕዋስ ገብቶ እስኪያሳምም ከጥቂት ሰዓት እስከ አምስት ቀን ስለሚፈጅበት ነው። ሱዳናዊ ሕመምተኛ ለሚያክሙና ዐረብኛ ገና ለሚማሩ ሰዎች ደግሞ ኢስሃል ተቅማጥ፣ ሑማ ትኩሳት፣ የረቃን የዐይን መቢጨት መሆኑን ማወቅ አስተርጓሚ እስኪመጣ ድረስ ሰው ያድናል።

ሦስተኛው እርምጃ የውሃ ማጠጣቱን ሥራ እጅ እስኪለምደው መለማመድ ነው። ጎማ ላይ ሰው የሞተው እዚህ ጋ ነውና ረዘም አድርጌ ልናገር። ጽኑ ድርቀት ያለበት ሰው የሚታወቀው በቆዳው፣ በዐይኑ፣ በትርታውና በንቃቱ ነው፦ ቆዳው ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ዐይኑ ይጎደጉዳል፣ የእጁ አንጓ ትርታ ይጠፋል ወይም ይደክማል፣ ይደነዝዛል፣ መጠጣት ያቅተዋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው በአንድ ኪሎ ክብደት 100 ሚሊ ሊትር ሪንገር ላክቴት ይሰጣል። ዕድሜው ከአንድ ዓመት በላይ ከሆነ 30ው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት፣ 70ው በቀጣዩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን 30ው በአንድ ሰዓት፣ 70ው በአምስት ሰዓት ነው። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሠራተኛ ይህ ማለት በግማሽ ሰዓት አንድ ሊትር ተኩል፣ ከዚያ በሁለት ሰዓት ተኩል ሦስት ሊትር ተኩል፣ በጠቅላላው በሦስት ሰዓት አምስት ሊትር ነው። ይህን መጠን መጀመሪያ ያየ ሰው ይፈራል፤ ቁልፉን እያጠበበ በአንድ ቀን የሚያዳርስ ነርስ የሚፈጠረውም ከዚህ ፍርሃት ነው። ቁጥር 16 ወይም 18 ካኑላ ተጠቀሙ፤ ካስፈለገ በሁለቱም እጅ ሁለት መስመር ክፈቱ፣ ከረጢቱን ጨምቁ፣ ትርታው እስኪመለስ አጠገቡ ቁሙ። በከባድ ሁኔታ ለተጎሳቆሉ ሕፃናት ግን ይህ ፍጥነት አደገኛ ነው፤ የእነሱን መመሪያ ለብቻው ጽፋችሁ ለጥፉ።

ሕዝባችን በደም ሥር የሚገባውን ሁሉ ግሉኮስ ይለዋል፤ አስታማሚው «ግሉኮስ አድርጉለት» ብሎ ይለምናል፣ መደርደሪያው ላይም ያለው ዴክስትሮስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ተራ ዴክስትሮስ በተቅማጥ የወጣውን ጨው አይመልስም፤ ለኮሌራ አይሆንም። ሪንገር ከሌለ ኖርማል ሳላይን ስጡ፤ ፖታሲየምና ቤዝ ስለሌለው ሕመምተኛው መጠጣት እንደቻለ በአፍ የሚሰጠው ፈሳሽ (ኦአርኤስ) አብሮ ይጀመር። ፈሳሹ ከገባ በኋላ ለጽኑዎች አንቲባዮቲክ ይጨመራል፤ ለአዋቂ አብዛኛውን ጊዜ 300 ሚሊ ግራም ዶክሲሳይክሊን አንድ ጊዜ ነው። ለሕፃናት ዚንክ ለአሥር ቀናት ያህል ይሰጣል፤ ከስድስት ወር በታች 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም በቀን። ቅደም ተከተሉ እንዳይገለበጥ ግን ተጠንቀቁ፤ አንቲባዮቲክ ሲፈለግ ፈሳሹ የዘገየበት ሰው የሚሞተው በድርቀት ነው። ተገቢውን ሕክምና በጊዜ ያገኘ የኮሌራ ሕመምተኛ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም፤ ጽኑ ሆኖ ያልታከመ ግን እስከ ግማሹ ሊሞት ይችላል።

አብዛኛው ሕመምተኛ መርፌ አያስፈልገውም። መጠነኛ ድርቀት ላለበት በአንድ ኪሎ 75 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ በአራት ሰዓት ይጠጣል፤ 10 ኪሎ ለሆነ ሕፃን 750 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ካስታወከ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ለዚህ ሲባል ከደጁ አጠገብ አንድ ጥላ፣ አንድ ባለ ቧንቧ ባልዲ፣ የተለካ ኩባያና አንድ የሠለጠነ ሰው ያለበት የማጠጫ ቦታ አዘጋጁ። ያ ሰው ነርስ መሆን የለበትም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ከካምፑ የተመረጠች እናት ትበቃለች፣ ቦንጋዮን ላይ ያጠጡት ቤተሰቦች ነበሩና። «ሪንገር በሌለበት ይህን ሁሉ ማወቅ ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ተቃውሞ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ሰው በኦአርኤስ ይድናል፣ ሪንገሩም በእውነት ለሚያስፈልገው ይተርፋል። ፓኬቱም ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ጨው ከበዛ ይጎዳልና ማንኪያውን በአውራ ጣት አስተካክሉ።

አራተኛው እርምጃ ቦታውን መከፋፈልና ክሎሪን መለካት ነው። መግቢያና መውጫ አንድ አይሁን፤ በመግቢያው የሚለይ ሰው ይቀመጥ፣ ተቅማጥ ያለበት ከወላዶችና ከሕፃናት ክፍል ይራቅ፣ የራሱ መጸዳጃ ይኑረው። የክሎሪን መጠን በግምት አይሆንም። 70 በመቶ ዱቄት ክሎሪን ካላችሁ በ10 ሊትር ውሃ 7 ግራም ብትጨምሩ ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነውን 0.05 በመቶ፣ 30 ግራም ለወለልና ለአልጋ የሚሆነውን 0.2 በመቶ፣ 300 ግራም ደግሞ ለትውከትና ለሰገራ ባልዲ የሚሆነውን 2 በመቶ ይሰጣችኋል። 5 በመቶ የሆነ በረኪና ብቻ ካለ ለእጅ አንዱን እጅ በረኪና በ99 እጅ ውሃ፣ ለወለል አንዱን በ24 እጅ ውሃ፣ ለባልዲ ሁለቱን እጅ በሦስት እጅ ውሃ አቅጥኑ። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፣ ባልዲውን ከድኑ፣ ስሙን ጻፉበት። ሰው ላይ ክሎሪን መርጨት ይጎዳል፤ በየቤቱ መርጫ ተሸክሞ መዞርም ሠራተኛ የሚያባክን፣ ጥቅሙም ያልተረጋገጠ ሥራ ነው። ያንን ጉልበት ውሃ ለማከምና እጅ ለማስታጠብ አውሉት።

አምስተኛው እርምጃ ራስን መጠበቅ ነው። በምዕራብ አፍሪካው የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ዘገባ የጤና ሠራተኞች እንደ ሥራቸው ዓይነት ከሌላው አዋቂ ሕዝብ ከ21 እስከ 32 ጊዜ የበለጠ በበሽታው የመያዝ ዕድል ነበራቸው። በኖቬምበር 2025 ጂንካ ላይ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የማርበርግ ወረርሽኝ ሲረጋገጥ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ መሆኑ ቀረ። ስለዚህ ትኩሳት ያለበት የሚደማ ሰው ሲመጣ ሩቅ ሆናችሁ ጠይቁ፣ ለብቻው አስቀምጡት፣ አንድ ሰው ብቻ ይመደብለት፣ ሙሉ መከላከያ ሳትለብሱ አትንኩ፣ መርፌና የደም ናሙና ትእዛዝ እስኪመጣ ይቆይ። ለኮሌራ የሚያስፈልገው ግን ቀላል ነው፦ ጓንት፣ ሽርጥ፣ ቦቲ፣ የእጅ መታጠቢያ። ሁሉን መከላከያ ለሁሉ በሽታ መልበስ በገዳሪፍ ሙቀት ሰውን ያዝላል፤ የሚያስፈልገው ቀን ሲመጣም ዕቃው አልቆ ይጠብቃችኋል። የመከላከያውን ልብስ አወላለቅ ከአለባበሱ ይበልጥ ተለማመዱ፤ ሰው የሚበከለው ብዙ ጊዜ ሲያወልቅ ነውና ጓደኛ ቆሞ ይመልከታችሁ። የኩፍኝ፣ የማጅራት ገትር፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲገኝ የኮሌራ ክትባታችሁንም በግንቦት ጨርሱ።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባዱ ነው፦ ለወራት ደመወዝ ያልተከፈለው፣ ወይም ስደተኛ ሆኖ የሙያ ፈቃዱ ያልታወቀለት ነርስ ይህን ሁሉ ተጨማሪ ሥራ ለምን ይሸከም? ፍትሕ የጎደለበት ነገር ነው፤ በዝግጅት ስም መሸፋፈንም የለበትም። ሱዳን ውስጥ ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ የጤና ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ሠርተዋል፤ በካምፖቹም ሙያ ያላቸው ስደተኞች በትንሽ አበል ትልቅ ሥራ ተሸክመዋል። ክፍያውንና የሥራ ፈቃዱን በጽሑፍ፣ በጋራ፣ ሳትሰለቹ ጠይቁ። ይህን መመሪያ ግን ለአሠሪ እንደሚደረግ ውለታ አትዩት። ያልተዘጋጀ ክፍል መጀመሪያ የሚበላው የራሱን ነርስ ነው፤ ቀጥሎም ልብሷ ላይ ተሕዋሱን ይዛ የምትገባባቸውን ልጆቿን። ፈቃዱ ያልታወቀለት ባለሙያም በማጠጫው ቦታ፣ በልየታ፣ በክሎሪን ዝግጅትና በትምህርት ሥራ ፈቃድ ባለው ባልደረባ ሥር ሆኖ ያለ ስጋት ሊሠራ ይችላል።

ስድስተኛው እርምጃ ማሳወቅ ነው። ተጠርጣሪ ኮሌራ፣ ኩፍኝ ወይም ደም የሚያፈስ ትኩሳት ሲታይ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት በስልክ ይነገራል፤ በኢትዮጵያ በኩል ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የኅብረተሰብ ጤና አደጋዎች ቁጥጥር ክፍል፣ በሱዳን በኩል ለግዛቱ ጤና ሚኒስቴር፣ በካምፕ ውስጥ ደግሞ ለጤና አስተባባሪው ጭምር። ስልክ ቁጥሮቹን በግንቦት ደውላችሁ ሞክሩ፤ የተቀየረ ቁጥር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማግኘት የተለመደ ነው። ኔትዎርክ ሲጠፋ መልእክቱን የሚያደርስ ሾፌር ወይም ባለ ሞተር ሳይክል ስሙ ይታወቅ። የሕሙማኑን መዝገብ በመስመር ያዙ፦ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ያደረበት እርሻ ወይም ድንኳን፣ የጠጣበት ውሃ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ የድርቀቱ ደረጃ፣ ውጤቱ። በሰባት ቀን ውስጥ ያ መዝገብ የትኛው ሐፊር መታከም እንዳለበት ራሱ ይናገራል። ብዙ ነርሶች ግን ማሳወቅን ይፈራሉ፤ ገበያ ይዘጋል፣ አለቃ ይቆጣል፣ ስደተኛው በሽታ አምጪ ተብሎ ይጠላል ይላሉ። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ በአካባቢያችን ባለሥልጣናት በሽታውን በስሙ ከመጥራት ሲሸሹ ታይተዋል። የምመክረው በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ እንድትጽፉ ነው፦ «ጽኑ ድርቀት ያለበት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ይህን ያህል ሰው፣ ከዚህ ቦታ፣ ይህን ያህል ሞት።» በሽታውን ሰይሞ ማወጅ የላቦራቶሪና የሚኒስቴር ሥራ ነው፤ እናንተን በዚያ የሚጠይቃችሁ የለም። ቅጂውን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ አስቀሩ። በዝምታ የሚገኘው ሰላም ደግሞ አጭር ነው፤ ሕሙማኑ በሳምንት ውስጥ ከአልጋው ሲበልጡ ገበያውም ይዘጋል፣ ስደተኛውም ይጠላል፣ ዘገባውም ዘግይቷል ተብሎ ነርሷ ትጠየቃለች።

ሰባተኛው እርምጃ ከጤና ተቋሙ ውጭ ነው። በርሜል ጊዮርጊስ ላይ እንደታየው ሰው ሲታመም ጸበል ይፈልጋል፤ በዚያም ብዙ ሰው በጥቂት ውሃና በጥቂት መጸዳጃ ይሰበሰባል። አገልጋዮቹን ካህናት በሽታው ሳይመጣ አግኟቸው። ጸበሉን ተው የሚል ነርስ አይሰማም፤ መጸዳጃውን ከምንጩ በታችና ራቅ አድርገን እንቆፍር፣ መጠጫው በክሎሪን ይታከም፣ ተቅማጥ የጀመረው ወዲያው ኦአርኤስ እየጠጣ ወደ እኛ ይምጣ የሚል ግን ይሰማል። ከመስጊድ ኢማሞችና ከሠራተኛ ካቦዎች ጋርም እንዲሁ ተነጋገሩ፤ ካቦው እርሻ ላይ የታመመውን በትራክተር ለመላክ አስቀድሞ ቃል ይግባ፤ ማን እንደሚከፍል በዚያው ይታወቅ። ስለ ሬሳም ተስማሙ። በኮሌራ የሞተ ሰው ክብሩ ተጠብቆ ሊገነዝ ወይም ሊታጠብ ይችላል፤ የሚያጥቡት ጥቂት ሰዎች ይሁኑ፣ ጓንትና ሽርጥ ይልበሱ፣ ቀዳዳዎቹ በ2 በመቶ ክሎሪን በተነከረ ጥጥ ይደፈኑ፣ ቀብሩ አይዘግይ። የለቅሶ ቤት ምግብ የሚያበስሉት ሬሳ ያጠቡት ሰዎች እንዳይሆኑ፣ በበሩም ሳሙናና ውሃ እንዲኖር ከእድሩ ጋር ተነጋገሩ።

የመጨረሻው ሕመምተኛ ከወጣና አልጋው ከታጠበ በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ሰው ሳይበተንና ሳይረሳ፣ የክፍሉ ሠራተኞች መዝገቡን ይዘው ይቀመጡ። የመጀመሪያው ሕመምተኛ የመጣው መቼ ነው፣ የተጠረጠረው መቼ፣ የተነገረው መቼ፣ ምላሽ የመጣው መቼ? ከገቡ በኋላ የሞቱት በስንተኛው ሰዓት ሞቱ፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስንት ሊትር ገባላቸው? ሞቶቹ ሌሊት ላይ ከተከማቹ የፈረቃው ድልድል ይስተካከል፤ ከአንድ ሩቅ እርሻ የመጡት ብቻ ከሞቱ የማጠጫ ቦታ እዚያው ይከፈት። የተረፈውን ሪንገር፣ ኦአርኤስና ክሎሪን ቆጥራችሁ ማብቂያ ቀናቸውን ጻፉ፤ የጎደለውንም መጋዘኑ ባዶ ሳይሆን በኅዳር ጠይቁ፤ መንገዱ የሚደርቅበትና ጭነት መኪና ከገዳሪፍ ወደ ካምፖቹ፣ ከገንዳ ውሃም ወደ መተማ ዮሐንስ በቀላሉ የሚደርስበት ወቅት ያኔ ነውና።